ጂቲሜትሪክስ «ፈጣን ነው» ይላል፣ ላሊበላ ላይ ግን አይከፈትም፤ የቱን ልመን?

ጦሳ ስር (ደሴ)

ሰላም ጀመዓ፣ እንዴት ዋላችሁ። ላሊበላ ላለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ድረ ገጽ እየሠራሁ ነው። ለገና ሰሞን እንዲደርስላቸው ነው የፈለጉት፤ ከተማው በእንግዳ የሚሞላው ያኔ ነው። ዎርድፕሬስ ላይ ነው የሠራሁት። ሰርቨሩ አሜሪካ ነው፣ ርካሽ የጋራ ሆስቲንግ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጂቲሜትሪክስ የሚባለው የድረ ገጽ ፍጥነት መለኪያ ላይ አስገባሁት፣ «ቢ» ሰጠኝ፣ ከመቶ 86። ስክሪንሹቱን ለባለቤቱ በቴሌግራም ላክሁላቸው። ትንሽ ቆይተው ደወሉ። «አንተ ልጅ፣ ፎቶው ደርሶኛል፤ ድረ ገጹ ግን እስካሁን ይዞራል» አሉኝ። ከዚያ ፔጅስፒድ ኢንሳይትስ በሚባለው የጉግል መለኪያ ላይ ሞከርሁት፤ ለሞባይል 38፣ ለኮምፒውተር 81። ፒንግደም የሚባለው ሦስተኛ መለኪያ ደግሞ የራሱን ሌላ ቁጥር አወጣ። ገጹ አንድ፣ ሰርቨሩ አንድ። የቱን ልመን?

ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)

አብሽር ወንድሜ፣ ሦስቱም አልዋሹህም። የለኩት ነገር ነው የተለያየ።

ጂቲሜትሪክስ የካናዳ መሣሪያ ነው። አድራሻህን ለጥፈህ ምንም ሳትነካካ ካስኬድከው፣ ገጽህን የሚከፍተው ሰሜን አሜሪካ ያለ ኮምፒውተር ነው። ስልክ አይደለም። ኢንተርኔቱም ላይ ልጓም የለበትም። ሰርቨርህ አሜሪካ፣ ለኪውም እዚያው አካባቢ፤ ቅርብ ለቅርብ ናቸው። 86 ማምጣትህ ምን ይገርማል?

ፔጅስፒድ «ሞባይል» ሲል ሆን ብሎ ገጽህን ያስቸግረዋል። ከጀርባው የሚሠራው ላይትሃውስ የሚባለው የጉግል መሣሪያ ነው። ዘገምተኛ 4ጂ ያስመስላል፤ ማውረጃው በሴኮንድ 1.6 ሜጋቢት፣ ደርሶ መልሱ 150 ሚሊሴኮንድ። ፕሮሰሰሩንም በ4 እጥፍ ያዘገየዋል፣ መካከለኛ ዋጋ ያለው አንድሮይድ እንዲመስል። ስለዚህ የባለቤቱን የጋሼን ስልክ የሚመስለው 38ቱ ነው። እስከ 49 ቀይ፣ ከ50 እስከ 89 ብርቱካን፣ ከ90 በላይ አረንጓዴ፤ አንተ ቀይ ውስጥ ነህ።

ጂቲሜትሪክስ ላይም አካውንት ከፍተህ የግንኙነቱን ፍጥነት ዝቅ ማድረግ ትችላለህ። ያኔ «ቢ»ው የት እንደሚገባ ታየዋለህ።

የባቲ ሰኞ (ባቲ)

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። አሜሪካ «ቢ» ብትሰጥህ ላሊበላ ያለው እንግዳ ምን ይጠቅመዋል?

እኔ መሣሪያ የሚባል ነገር አልፈልግም። ሚሞሪው የሞላ፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክ አለኝ። ዋይፋይ አጥፍቼ በዳታ እከፍተዋለሁ። እሱ ላይ ከተከፈተ የትም ይከፈታል። አረንጓዴው ክብ ለደንበኛ ማሳያ ነው፣ ሌላ ቁም ነገር የለውም።

ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)

@የባቲ ሰኞ ስልኩን አልጥልብህም፤ ጥሩ ሙከራ ነው። ግን ስልክህ «ዘገየ» ይልሃል እንጂ ለምን እንደዘገየ አይነግርህም። ፎቶው ነው? ሰርቨሩ ነው? ጃቫስክሪፕቱ፣ ገጹ ላይ የሚሠራው ኮድ ነው? ያንን ሳታውቅ መነካካት ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

@ጦሳ ስር አንድ ነገር ልብ በል። ፔጅስፒድ ሁለት ነገር ነው አንድ ገጽ ላይ የሚያሳይህ። ከላይ ያለው ከእውነተኛ ሰዎች የተሰበሰበ ነው፤ ክሮም ተጠቅመው ገጹን የከፈቱ ሰዎች ያጋጠማቸው፣ ያለፉት 28 ቀናት። ከታች ያለው አሁን በላይትሃውስ የተሞከረው ነው፤ 38 የሚለውም እሱ ነው። የላይኛው ነው ትክክለኛው ፍርድ፤ ከ100 ጉብኝት 75ቱ ጥሩ ካልሆኑ አያሳልፍህም። ግን ጎብኚ የሚበዛበት ገጽ ካልሆነ «በቂ ዳታ የለም» ይልሃል። የአንተም ባዶ መሆን አለበት።

ጦሳ ስር (ደሴ)

አዎ ባዶ ነው። እኔ ደግሞ ተበላሽቶ መስሎኝ ነበር።

ሐይቅ ዳር (ሐይቅ)

ነጥቡን ተወው ወንድሜ። ዋተርፎሉን፣ ፋይሎቹ በየተራ የወረዱበትን ሠንጠረዥ አሳየን።

ላፕቶፕ ላይ ክሮም ክፈት፣ ኤፍ12 ተጫን፣ «ኔትወርክ» የሚለው ውስጥ ግባ። «ዲሴብል ካሽ» ላይ ምልክት አድርግ፤ አለበለዚያ ኮምፒውተርህ ከዚህ በፊት ያወረደውን ነው መልሶ የሚያሳይህ፣ የውሸት ፍጥነት ነው። ጎኑ ላይ «ኖ ትሮትሊንግ» የሚል አለ፤ እሱን «ስሎው 4ጂ» አድርገው። «3ጂ» ካደረግከውማ የባሰ ጉድ ታያለህ። ከዚያ ገጹን ሪፍሬሽ አድርግ።

እያንዳንዱ ፋይል አንድ መስመር ነው። አረንጓዴው ሰርቨሩን የጠበቅክበት ነው። ሰማያዊው ፋይሉ የወረደበት። የመጀመሪያው መስመር አረንጓዴው ረጅም ከሆነ ጥፋቱ የሆስቲንግ ወይም የዎርድፕሬስ ነው። ታች ወርዶ ሰማያዊው የተንጋለለ ካለ የፎቶ ነው። ከግርጌ በኩል ጠቅላላ ስንት ሜጋባይት እንደወረደ ይጽፍልሃል። እሱን ሳታይ እንዳታልፍ፤ ዳታ ገዝቶ ለሚከፍተው ሰው ያ ቁጥር ብር ነው።

ስልኩ ላይ ራሱ ማየት ከፈለግክ ደግሞ ይቻላል። አንድሮይዱን በኬብል ላፕቶፑ ላይ ሰካ፣ ዩኤስቢ ዲበጊንግ አብራ፣ ክሮም ላይ «ኢንስፔክት» ገጽ ውስጥ ስልኩ ይመጣልሃል። የባቲው ወንድማችን ስልክ ያኔ ምክንያቱንም መናገር ይጀምራል።

የባቲ ሰኞ (ባቲ)

ስልኬ ከተናገረ ብዙ ሰው ያስቀይማል።

ጦሳ ስር (ደሴ)

እሺ፣ ያየሁት ይሄ ነው።

የመጀመሪያው መስመር ላይ ግንኙነቱ ከተጀመረ ምላሹ እስኪመጣ 1.9 ሴኮንድ ነው፣ አብዛኛው አረንጓዴ። ጠቅላላ የወረደው 9.2 ሜጋባይት። ከዚያ ውስጥ ከላይ ያለው ትልቁ ፎቶ 4.8 ነው፤ የማረፊያው በረንዳ፣ ከኋላው ተራራው ይታያል። ከስልክ በቀጥታ የመጣ፣ ወርዱ 4000 ፒክስል። አምስት ፎቶ የሚያሽከረክር ስላይደርም አለ። የአማርኛ ፎንት ሦስት ፋይል፤ ቀጭኑ፣ መደበኛው፣ ደማቁ። የቻት ቁልፍ አለ፤ እሱ ብቻውን ከአሥር በላይ ፋይል ይጎትታል።

ፎቶው እንዳይዘገይ ብዬ ሁሉንም ምስል «ሌዚ ሎድ» የሚያደርግ፣ ማለትም ሰው ወደ እሱ ሲደርስ ብቻ እንዲወርድ የሚያደርግ ፕለጊን ጭኛለሁ።

ሐይቅ ዳር (ሐይቅ)

ጉዱ ወጣ።

ሒሳቡን ሥራው። 4.8 ሜጋባይት ማለት 38.4 ሜጋቢት ነው። በ1.6 ስታካፍለው 24 ሴኮንድ። አንድ ፎቶ ብቻውን! የተለመደ ስልክ ስክሪን ወርዱ 720 ወይም 1080 ፒክስል ነው፤ 4000 የላክህለት ለማን ነው? ወደ 1080 አሳንሰህ ዌብፒ ወደሚባለው ቀላል የምስል ዓይነት ቀይረው። ስኩሽ የሚባል የጉግል ሰዎች የሠሩት ነጻ መሣሪያ አለ፤ ብሮውዘር ውስጥ ነው የሚሠራው፣ ፎቶውም ከኮምፒውተርህ አይወጣም። ጥራቱን በማንሸራተቻው ዝቅ ስታደርግ ግራና ቀኝ እያወዳደረ ያሳይሃል። 150 ኪሎባይት አካባቢ ካደረስከው ያው ፎቶ ከ1 ሴኮንድ በታች ይወርዳል።

«ሌዚ ሎድ»ን ከላይኛው ፎቶ ላይ አንሳው። ከታች ላሉት ጥሩ ነው፤ ከላይ ላለው ግን ብሮውዘሩን «ቆይ፣ አትቸኩል» እያልከው ነው። ኤልሲፒ የሚሉት መለኪያ በአብዛኛው የሚይዘው ደግሞ ይሄኑ ፎቶ ነው። ኤልሲፒ ስክሪኑ ላይ ያለው ትልቁ ነገር እስኪታይ ያለው ጊዜ ነው። እስከ 2.5 ሴኮንድ ጥሩ፣ ከ4 በላይ መጥፎ።

ስላይደሩን ጣለው። እንግዳ አምስተኛውን ፎቶ አይጠብቅም።

አሁን ፎንቱ። ይሄን የውጭ አገር ጽሑፎች አይነግሩህም፤ እኛው ነን የምናውቀው። የላቲን ፎንት ትንሽ ነው፣ 26 ፊደል በትልቅና በትንሽ። የእኛ ግን በዩኒኮድ ዋናው የኢትዮጵያ ክፍል ብቻ 384 ቦታ ነው የተያዘለት። ስለዚህ ሦስት ውፍረት ስትጭን ሦስት ጊዜ ያንን ሁሉ ነው የምትጭነው። ፋይሉ ቲቲኤፍ የሚባለው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ያለ መጭመቂያ። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። አንቀጹን ስልኩ ውስጥ ባለው ፎንት እተወዋለሁ። አንድሮይድ ኖቶ ኢትዮፒክ አብሮት ይመጣል፣ ዊንዶውስም ኤብሪማ አለው። ባይት አይፈጅም። ርዕሱን ብቻ በአንድ ደማቅ ፎንት አሳምረዋለሁ፣ እሱንም በዎፍ2፣ በተጨመቀው የፎንት ዓይነት። ቀጭኑን ማን አነበበው? ፀሐይ ላይ አይታይም እኮ።

ፎንቱ ዘግይቶ ሲመጣ ደግሞ ጽሑፉ ይዘላል፣ አይተኸው ከሆነ። ሰው «ክፍል ያዙ» የሚለውን ሊጫን ሲል ቁልፉ ወደ ታች ይሸሻል። ሲኤልኤስ የሚለካው ያንን ነው። ከ0.1 በታች መሆን አለበት።

ፍሬሽ ነኝ (ኮምቦልቻ)

ይቅርታ ካቋረጥኩ፣ ተማሪ ነኝ። ክፍል ውስጥ ገጹ ለንክኪ ምን ያህል ቶሎ እንደሚመልስ የሚለካው ኤፍአይዲ ነው ብለን ነበር የተማርነው። አሁን ፔጅስፒድ ላይ የለም፣ አይኤንፒ ይላል። ሁለቱ አንድ ናቸው?

ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)

አይደሉም እህቴ ወይም ወንድሜ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2024 ላይ ነው የተተካው። ኤፍአይዲ የሚያየው የመጀመሪያውን ንክኪ ብቻ ነበር፣ እሱንም ሥራው እስኪጀመር ያለውን መዘግየት። አይኤንፒ ሰውየው ገጹ ላይ እስካለ ድረስ የነካካውን ሁሉ አይቶ ከከፋዎቹ አንዱን ይይዛል። እስከ 200 ሚሊሴኮንድ ጥሩ ነው። ላይትሃውስ ግን ገጹን ከፍቶ ዝም ስለሚል አይኤንፒን አይለካም፤ በእሱ ምትክ ቲቢቲን ነው የምታየው፣ ጃቫስክሪፕቱ ስልኩን አፍኖ የያዘበትን ጊዜ። የጦሳ ስር ቻት ቁልፍ የሚታየው እዚያ ነው።

አላውሃ (ወልድያ)

ሁላችሁም ፎቶ ፎቶ ትላላችሁ። ሰርቨሩ አሜሪካ ነው እኮ! አገር ውስጥ አስቀምጠው፣ ይገላገላል። ያ 1.9 ሴኮንድ የርቀት ነው።

ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)

ሁሉም የርቀት አይደለም። እስቲ እናስላው። ብርሃን ፋይበር ውስጥ በሴኮንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ከእኛ እስከ አሜሪካ ምሥራቅ ዳርቻ ቀጥታ ብትለካው ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ነው። ደርሶ መልስ 115 ሚሊሴኮንድ፣ በትንሹ። ኬብሉ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ባሕር በር ስለሌለን በጅቡቲ ወይም በጎረቤት ዞሮ ነው የሚወጣው፣ ይጨምራል። አዲስ ግንኙነት ሲከፈት ለማገናኘት አንድ፣ ለምስጠራው አንድ፣ ገጹን ለመጠየቅ አንድ፤ ቢያንስ ሦስት ደርሶ መልስ። ጠማማውን ሁሉ ጨምረህ 600 ወይም 700 ሚሊሴኮንድ ብትለው፣ ከ1 ሴኮንድ በላይ ይተርፋል። የዚያ አብዛኛው ሰርቨሩ ገጹን ሲያዘጋጅ የሚያባክነው ነው። ዎርድፕሬስ ካሽ፣ ማለትም የተዘጋጀውን ገጽ ማስቀመጫ ከሌለው ለእያንዳንዱ ጎብኚ ዳታቤዙን እየጠየቀ ገጹን እንደ አዲስ ይሠራዋል። የገጽ ካሽ ፕለጊን ይጫን። ለመጀመሪያው ምላሽ 0.8 ሴኮንድ ነው ጥሩ የሚባለው።

ሰርቨሩን ወደ ጀርመን ማምጣት ርቀቱን ከግማሽ በታች ያደርገዋል። እሱ ላይ ከአላውሃ ጋር ነኝ።

ሐይቅ ዳር (ሐይቅ)

ቆይ፣ አንድ ያልጠየቅነው ነገር አለ። የዚህ ገጽ አንባቢ ማነው?

ጋሼ ላሊበላ ሆነው ከፈቱት፣ ዘገየባቸው፤ እሺ። ግን ክፍል የሚይዘው ሰው ሮም ወይም ዋሽንግተን ተቀምጦ ነው። አገር ውስጥ ብታስቀምጠው ለጋሼ ይፈጥናል፣ ለደንበኛቸው ይርቃል። መሣሪያው ላይ የመሞከሪያ ቦታ የሚመረጠው ለዚህ ነው። ዌብፔጅቴስት የሚባለው መለኪያ ላይ ብዙ ከተማ አለ፣ ስልክና የኔትወርክ ዓይነትም ትመርጣለህ። በዚያ ላይ ላይትሃውስ እንደሚያደርገው በስሌት ገምቶ አይደለም፤ ኔትወርኩን እውነት አዘግይቶ ነው የሚለካው። ገጹ እንዴት ቀስ በቀስ እንደሚታይም በፎቶ ተራ ያሳይሃል። እኔ ለደንበኛ የምልከው እሱን ነው፣ ነጥብ አልክም። 4ኛው ሴኮንድ ላይ ስክሪኑ ነጭ መሆኑን ያየ ሰው ክርክር አያነሳም።

አላውሃ (ወልድያ)

አንች ልጅ፣ ይሄ የውጭ እንግዳ ብቻ የሚለው አልተዋጠልኝም። እንግዳውም ከአውሮፕላን ሲወርድ የሚከፍተው እዚሁ ነው፤ አድራሻውን፣ ስልኩን ይፈልጋል። አስጎብኚዎቹም እዚሁ ናቸው። ከደሴ፣ ከመቀሌ፣ ከጎንደር ለገና የሚመጣው ምእመን ደግሞ ሰው አይደለም? እሱ ነው ማረፊያ የሚያጣው።

ሐይቅ ዳር (ሐይቅ)

ሰው ነው እንጂ፤ ልክ ነህ። እንግዲያው ሁለቱንም መለካት ነው። አንድ ከአውሮፓ፣ አንድ ከእዚህ በስልክ ዳታ። ክላውድፍሌርን፣ ፋይሎችህን በየአገሩ ባሉ ሰርቨሮቹ የሚያድለውን አገልግሎት፣ ነጻውን ብትጠቀም ፎቶና ፎንቱ ለሁለቱም ቅርብ ካለ ቦታ ይወጣል። ግን ዋናውን የገጹን ጽሑፍ አንተ ካላዘዝከው በስተቀር ካሽ አያደርገውም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሸወደው። «ክላውድፍሌር አስገባሁ፣ ያው ነው» ይላል፣ የመጀመሪያው መስመር ግን አሁንም አሜሪካ ይመላለሳል።

አወያይ

ለሚለኩ ሁሉ አንድ ነገር። አንድ ጊዜ ለክታችሁ «ተሻሻለ»፣ «ባሰበት» እያላችሁ አትጩሁ። ያው ገጽ ምንም ሳይነካ 38 ብሎ ቀጥሎ 45 ሊል ይችላል። ደጋግማችሁ ለኩና መካከለኛውን ውሰዱ። ማታ ኔትወርኩ ሲጨናነቅም ለኩ፣ ሌሊት ብቻ አይሁን። ሁለት ነገር በአንዴ አትቀይሩ፤ የቱ እንደሠራ አታውቁም።

ሆስቲንግ ድርጅቶችን በስም ማማት እዚህ አይፈቀድም። የጠፉትን ሁለት መልሶች የሰረዝኩት እኔ ነኝ።

ጦሳ ስር (ደሴ)

ጀመዓ አላህ ይስጣችሁ። ፎቶውን አሳነስሁ፣ ስላይደሩን አወጣሁ፣ ፎንቱን አንድ ብቻ አስቀረሁ። ካሽ ፕለጊኑን ለብቻው ነው የጫንሁት፣ አወያዩ እንዳሉት። አሁን ጠቅላላው 1.1 ሜጋባይት ነው። የመጀመሪያው መስመር ከ1 ሴኮንድ በታች ወርዷል። ሞባይሉ 79 አካባቢ ይላል፣ ብርቱካን። የቻት ቁልፉ አለ፤ ባለቤቱ አላስነካም አሉ፣ በእሱ ነው ሰው የሚያገኙት። አሁን ስልካቸው ላይ ይከፈታል።

ግን ሌላ ጣጣ መጣ። ሰው በድሮን ያነሳላቸው ቪዲዮ አለ። ገጹ ሲከፈት ከላይ በራሱ እንዲጫወት ይፈልጋሉ። 60 ሜጋባይት ነው።

የባቲ ሰኞ (ባቲ)

ምነው ሸዋ!

ሐይቅ ዳር (ሐይቅ)

አይሆንም አትበላቸው፣ ቪዲዮው ቆንጆ ይሆናል። ከቪዲዮው አንድ ምስል አውጣና ከላይ እሱን አድርግ፣ መሃሉ ላይ የማጫወቻ ምልክት። ቪዲዮው ዩቲዩብ ላይ ይቀመጥ። ግን የዩቲዩቡን ማጫወቻ በቀጥታ አትለጥፍ፤ ገና ሳይነካ ብዙ መቶ ኪሎባይት ጃቫስክሪፕት ያወርዳል። ሰውየው ምስሉን ሲነካ ብቻ እንዲመጣ አድርገው። ለዎርድፕሬስ ይሄን የሚሠሩ ቀላል ፕለጊኖች አሉ። ከዚያ ኤፍ12 ተጭነህ ሳይነካ ስንት ሜጋ እንደወረደ እይ፤ 1.1 ላይ መቆየት አለበት።

ጦሳ ስር (ደሴ)

ገባኝ። ለእሳቸው ግን ምን ብዬ ላስረዳ? ኤልሲፒ ብላቸው ስልኩን ይዘጉብኛል።

የባቲ ሰኞ (ባቲ)

ምንም አታስረዳ። 60 ሜጋውን ቪዲዮ እንዳለ ላክላቸውና በራሳቸው ዳታ ያውርዱት። ፓኬጁ ሲያልቅ ራሳቸው ይደውላሉ።